ሦስት ብር አፍንጫ አይገዛም

ነገሩ ሁሉ ተጠቃሎ የፈጀብኝ ስልሳ ሁለት ሺህ ብር፣ አንዲት ድመትና አንድ «እባክዎ» ነው። ብሩ ያው ብር ነው፤ ሄዶም ይመጣል። ድመቷ በገዛ ፈቃዷ ነው የለቀቀችኝ። «እባክዎ»ን ግን ከአፌ ለማውጣት መንጋጋ ከማስነቀል ያላነሰ ተቸግሬአለሁ። ነጋዴ ገዢን ይለማመጣል፣ የወረዳ ሰውን ይለማመጣል፤ ራሱ ያሰናበተውን ሰው መለማመጥ ግን የትም አልተማረም።

እንግዲህ ከሥሩ ልጀምር።

እኔ የጆንያ ነጋዴ ነኝ፤ ኮልፌ። አዲስ ጆንያ ማንም ይሸጣል፤ የኔ ያገለገለው ነው። ቆራሌው ከየቤቱ፣ ከየወፍጮ ቤቱና ከየሆቴሉ ጓሮ የለቀመውን ተሸክሞ ይመጣል። እኔ እገዛለሁ፣ የተቀደደውን አሰፋለሁ፣ መልሼ እሸጣለሁ። ሰው «ጆንያ ደግሞ ምን ያዋጣል?» ይለኛል። «ምንም» እላለሁ። በዚህ «ምንም» ሦስት ልጆች አስተምሬአለሁ።

የሚሰፉልኝ እትዬ ብርቄ ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ መጋዘኑ በር ላይ፣ ገለባ በተሞላች የጆንያ መከዳ ላይ ተቀምጠው፣ በረዥም መርፌና በሲባጎ። አጠገባቸው ጫልቱ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ልታግዛቸው መጥታ ኋላ እጇ የእሳቸውን ያህል ፈጠነ፤ ምላሷ ደግሞ ከእጇ ቀደመ።

ታዲያ እትዬ ብርቄ መርፌ ከማንሳታቸው በፊት አንድ ልማድ አላቸው። የጆንያውን አፍ ይከፍቱና ፊታቸውን እስከ ጆሯቸው ከተው ያሸታሉ። ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ። «ይሄ ጨው ነበር፤ አራግፈህ ለስንዴ።» «ይሄ ሽንኩርት ነው፤ ለድንች ስጠው።» «ይሄ ሳሙና ነው፤ ለሚበላ ነገር እንዳታደርገው።» «ይሄ በርበሬ ነው፤ ለከሰል።» በርበሬ የያዘ ጆንያ ቢታጠብም ቢራገፍም በርበሬነቱን አይለቅም፤ እንደ መጥፎ ስም ነው። ስለዚህ በኛ ደንብ የበርበሬ ጆንያ ለከሰል ነጋዴ ብቻ ይሸጣል። ከሰል አያስነጥሰውም።

አንድ ቀን ደግሞ ከክምር መሀል አንዱን አሽትተው «ይሄ መጀመሪያ ገብስ ነበር፣ ቀጥሎ ስኳር ሆነ፣ አሁን ድመት ወልዳበታለች» አሉ። ሳቅሁ። ክምሩን ገልጠን ብናይ እውነትም ከሥሩ ወልዳለች። ከዚያ ግልገል መሀል የቀረችልን አንዷ ናት፤ ውሮ አልናት፤ መጋዘኑን ከአይጥ የምትጠብቅ እሷ ነበረች።

ይህን ማሸተት ማንም ቆጥሮት አያውቅም። እኔም አልቆጠርኩትም። ሰው አፍንጫውን ይዞ ሥራ ስለገባ ለአፍንጫው ለብቻው ይከፈለዋል እንዴ?

አሁን ወደ ስንታየሁ። ስንታየሁ የሚስቴ ወንድም ነው። ባንክ ይሠራል። ክራባት ያስራል፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጥላል፤ እሑድ እሑድ እኛ ቤት ለምሳ ሲመጣ እንኳ አያወልቀውም። ወጥ ሲያወጣ መታወቂያውን በግራ እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ነው። አንድ እሑድ እንዲሁ መታወቂያውን እንደያዘ ጠየቀኝ።

«ኮር ቢዝነስህ ምንድን ነው?»

«ምኔ?»

«ዋናው ሥራህ።»

«ጆንያ ነዋ።»

«ጆንያ መሸጥ ነው። መስፋት ያንተ ሥራ አይደለም። አውትሶርስ ማድረግ አለብህ።»

እንዳስረዳኝ ከሆነ አውትሶርስ ማለት ዋና ሥራህ ያልሆነውን ለሌላ ድርጅት ሰጥተህ አንተ በዋናው ላይ ማተኮር ነው። «እኛ ባንክ» አለ፣ «ጥበቃው የኤጀንሲ ነው፣ ጽዳቱ የኤጀንሲ ነው፣ ሾፌሩ የኤጀንሲ ነው። ቢታመሙ፣ ቢወልዱ፣ ቢያረጁ የባንኩ ራስ ምታት አይደለም። ባንኩ የሚያየው ደረሰኝ ብቻ ነው።»

ስልኩን አወጣና ሂሳቡን ይመታ ጀመር። የእትዬ ብርቄና የጫልቱ የቀን ክፍያ። ምሳቸው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የምሰጣቸው ዶሮ። የእትዬ ብርቄ ለቅሶም ገባ፤ ምክንያቱም እትዬ ብርቄ የሦስት እድር አባል ናቸው፤ ኮልፌ ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሳይተከል ይደርሳሉ። ሁሉም ተደምሮ ለተሰፋው ጆንያ ሲካፈል፣ ለአንዱ ጆንያ ዘጠኝ ብር ከሃምሳ መጣ።

«ውጪ ብታሰፋው ስምንት ብር ነው» አለኝ። «በአንዱ አንድ ብር ከሃምሳ ትጥላለህ ማለት ነው። በወር ስንት ጆንያ ታሰፋለህ?»

«አንድ ሺህ አምስት መቶ።»

ስልኩን አዞረልኝ። ሂሳቡ ልክ ነበር። ሂሳብ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ጉድ የሚያፈላው ሳይቆጠር የቀረው ነው።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። ከተማው ሁሉ ሥራውን ለሰው ሰጥቶ ተቀምጧል። ድሮ ድግስ ሲኖር የሰፈር ሴት ሁሉ ቢላዋዋን ይዛ መጥታ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ አሁን ኬተሪንግ ነጭ ጓንት አድርጎ ይመጣል። የትንሹን ልጄን የቤት ሥራ አስጠኚው ይሠራዋል፤ ልጄ የሚሠራው አስጠኚውን ማየት ነው። እኔ ራሴ ጾሙን ለሚስቴ ከሰጠኋት ቆይቻለሁ፤ እሷ ለሁለታችን ትጾማለች፣ እኔ ለሁለታችን እበላለሁ። ይህን ሁሉ ያወጣሁ ሰውዬ ጆንያ መስፋት ለምን ይከብደኛል?

የከበደኝ ማሰናበቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በርህ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲሁ «ሂድ» አይባልም። ስንታየሁ ቃል አዋሰኝ። ሰኞ ጠዋት ጉሮሮዬን ጠርጌ፣

«እትዬ ብርቄ፣ ድርጅታችን አዲስ መዋቅር እየሠራ ነው» አልኳቸው።

መርፌያቸውን ጆንያው ላይ ሰክተው ቀና አሉ። «የቱ ድርጅት?»

«እኛ።»

የመጋዘኑን ቆርቆሮ አዩት። ቆራሌው ያራገፈውን ክምር አዩት። ክምሩ ላይ የተኛችውን ውሮን አዩአት። «ይሄ?»

«አዎ። እና በአዲሱ መዋቅር… ስፌቱ ለሌላ ድርጅት ይሰጣል።»

ጫልቱ ቀድማ ገባት። «እትዬ፣ እያባረረን እኮ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ማን ሊሰፋልዎት ነው? ባለ ክራባቱ?»

የአንድ ወር ክፍያ ሰጠኋቸው። እትዬ ብርቄ ብሩን ሳይቆጥሩ መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። መከዳቸውን ብብታቸው ሥር ያዙ። መርፌዋን ከጆንያው ነቀሉ። «መርፌዋ የኔ ናት» አሉ። «በል እግዜር ይስጥህ።»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። እርግማን መልስ አለው።

ውሮ ከክምሩ ላይ ወረደች፣ ተንጠራራች፣ ተከተለቻቸው። ለካ በየቀኑ ከምሳቸው የሚያካፍሏት እሳቸው ነበሩ። እኔ ደግሞ አይጥ በልታ የምታድር መስሎኝ አንድም ቀን ስለ ምሳዋ አስቤ አላውቅም። መዋቅሩ እሷንም ነካት።

አዲሱ ሰፊዬ ደረጀ የሚባል ሰው ነው፤ ቀራንዮ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንድ ክፍል ቢሮ አለው። ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ፣ የዘመን መቁጠሪያና ማኅተም እንጂ መርፌ አላየሁም። መርፌ አለማየቴ ያን ጊዜ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ማኅተሙ ትልቅ ስለሆነ ረክቼ ነበር። ደረጀ በየቃሉ መሀል «ድርጅታችን» ይላል። አራት ገጽ ውል አቀረበልኝ። እኔ ከውል የማነበው ሁለት ቦታ ነው፤ ዋጋው ያለበትንና የምፈርምበትን። ሁለቱንም አነበብኩ።

የመጀመሪያው ወር መልካም ነበር። ጆንያው ሰኞ ይሄዳል፣ በዘጠነኛው በአሥረኛው ቀን አሥር አሥር ሆኖ ታስሮ ከደረሰኝ ጋር ይመጣል። እኔም እንደ ምክሩ በዋናው ሥራዬ ላይ አተኮርኩ። ለካ ዋናው ሥራዬ በር ላይ ተቀምጦ መንገድ ማየት ኖሯል። ስፌቱ ደግሞ ልዩ ነው። ጥብቅ፣ ድርድር ያለ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ። ለሚስቴ አሳየኋት። «እይ፣ ይሄ ነው ባለሙያ ማለት» አልኳት። እሷ ስፌቱን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

ያን ሰሞን እትዬ ብርቄንና ጫልቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ዝም ብዬ ባልፍ ምን ነበረበት? ሰው ያሰናበተውን ሰው ሲያገኝ ትክክል እንደሠራ ማስረዳት ይወዳል። ብብቴ ሥር የያዝኩትን አንድ ጆንያ ዘርግቼ፣ «እትዬ፣ ይቺን ስፌት እስቲ ይዩልኝ» አልኳቸው። «ስፌት እንዲህ ነው!»

እትዬ ብርቄ ተቀበሉኝ። ገለበጡት። በጣታቸው ክሩን ሳብ አደረጉት። ቋጠሮውን በጥፍራቸው ነካ ነካ አድርገው መለሱልኝ።

«ደህና እጅ ነው» አሉ። «እጇ ይባረክ።»

ጫልቱን ሳል ያዛት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክታልፈኝ ድረስ ሳለች። እኔ በልቤ «ቀኑ» አልኩ።

ከዚያ አይጡ መጣ። ውሮ እንደለቀቀች ወሬው በአይጥ ሰፈር ሳይሰማ አልቀረም። ተሰፍቶ የመጣውን ጆንያ አይጥ ቀደደው፤ የቀደደውን መልሼ ላክሁት፤ ደረጀ በደስታ ተቀበለ። መቶ ሰባ አምስት ጆንያ ሁለት ጊዜ አሰፋሁ። «የድርጅታችን በር ሁልጊዜ ክፍት ነው» አለኝ። የሱ በር ክፍት የሆነው የኔ መጋዘን ክፍት ስለሆነ ነበር።

ይሄ ሁሉ ግን ገና የጉዱ አፍ ነው።

ሐጂ ሸምሱ ትልቁ ደንበኛዬ ናቸው። ስንዴ አስፈጭተው ለዳቦ ቤቶች ዱቄት ያቀርባሉ፤ ከምሸጠው ጆንያ ግማሹን የሚገዙኝ እሳቸው ናቸው። ሐጂ ሄዱ ማለት መጋዘኔ ግማሹ ተዘጋ ማለት ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ሰላምታው ሳያልቅ ቆርሰው ሰጡኝ።

«ብላ።»

«ቁርስ በልቻለሁ ሐጂ።»

«ብላ ነው የምልህ።»

በላሁ። መጀመሪያ ዳቦ ነበር። ከዚያ ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጥሩ… ነው» አልኩ፤ ውሃ ፍለጋ እያየሁ።

«ስድስት ኩንታል ዱቄት ነው እንዲህ የሆነው። ስድስቱም ካንተ ጆንያ። ዳቦ ቤቱ ጋግሮ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነው የነቃው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አልቅሷል። የወደዱት ግንበኞቹ ብቻ ናቸው፤ ያለ ወጥ የሚበላ ዳቦ ተገኘ ብለው ዛሬም ጠዋት ተሰልፈው ነበር።» ዳቦውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ያቺ የምታሸተው ሴትዮ የት ሄደች?»

«እ… አውትሶርስ አድርገናል።»

«ምንድን ነው እሱ? በሽታ ነው?»

ላስረዳቸው ሞከርኩ። ዋና ሥራ፣ ደረሰኝ፣ መዋቅር። ሐጂ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። «ስማኝ» አሉ በመጨረሻ። «የዱቄቱን ትከፍላለህ፤ እሱ ቀላል ነው። ዓርብ ሁለት መቶ ጆንያ እፈልጋለሁ። ያቺ ሴትዮ ያሸተተችው ከሆነ እወስዳለሁ። ካልሆነ በኮልፌ ጆንያ የምትሸጥ አንተ ብቻ አይደለህም።»

በኩንታል ስምንት ሺህ፣ አርባ ስምንት ሺህ ብር። ቀላሉ ይሄ ነበር።

በቀጥታ ቀራንዮ ወጣሁ። ደረጀ ውሉን አወጣ፣ ጣቱን አርሶ ገለጠ፣ አነበበልኝ። «'ጆንያውን ተረክቦ፣ ሰፍቶ ያስረክባል።' የማሽተት አገልግሎት በውሉ አልተካተተም።»

«አቶ ደረጀ፣ ማን ነው የሚሰፋልዎት? እሱን ሰው ላናግረው።»

«የድርጅታችን ባለሙያዎች ናቸው። የውስጥ አሠራር ስለሆነ ማሳየት አንችልም። ውሉን ማቋረጥ ከፈለጉ ደግሞ የአንድ ወር ክፍያ ነው። ገጽ ሦስት።»

ገጽ ሦስትን ያን ቀን ገና ተዋወቅሁት። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ይላል።

ወጥቼ ልሄድ ስል በጓሮው በር ጆንያዎቼ ባጃጅ ላይ ሲጫኑ አየሁ። የቆራሌው ምልክት አለባቸው፤ የኔ ናቸው። ቆሞ የነበረ ሌላ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

«ያቺን ባጃጅ ተከተላት!»

ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝ። «ሚስትዎ ናት ጋሼ?»

«ጆንያዬ ናት።»

አዘነልኝ መሰለኝ፤ ነዳው። በአየር ጤና አድርገን ወደ ቆሼ ወረድን። አንድ ግቢ በር ላይ ባጃጇ ቆመች። አንድ ቦርጫም ሰውዬ ወጣ፣ ጆንያውን ቆጠረ፣ ፈረመ። አሁን ሊሰፉ ነው ብዬ ስጠብቅ አንድ አሮጌ ላዳ መጣና ያው ጆንያ ጣራው ላይ ተጫነ። ሰውዬው መርፌ ቀርቶ እጁን እንኳ ከኪሱ አላወጣም።

«ጋሼ፣ ወደ ሌላ ሰው ተዛወረች» አለ ሾፌሬ። እሱ አሁን ከኔ ይበልጥ ጓጉቷል። «እንቀጥል?»

«ቀጥል።»

ላዳው ዞረ። ወጣ፣ ታጠፈ፣ ወረደ። መንገዱን አውቀዋለሁ። አስፋልቱን አውቀዋለሁ። ጉድጓዱን ሁሉ አውቀዋለሁ። ወደ ኮልፌ ነው የምንሄደው! ደግሞ ወደ ኮልፌ ብቻ አይደለም፤ በገዛ መጋዘኔ ፊት ለፊት አለፍን። ጎረቤቴ ሚስማር ሻጩ በር ላይ ቆሞ ስላየሁ ራሴን ከወንበሩ ሥር ደበቅሁ። ላዳው መጋዘኔን አልፎ በግራ ታጠፈ፣ እንደገና በግራ ታጠፈ፣ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ወርጄ ቀና ስል ከፊቴ ያለው ግንብ የገዛ መጋዘኔ የጀርባ ግንብ ነው።

ግንቡ ላይ ውሮ ተቀምጣለች። ወፍራለች።

ሾፌሩ ስድስት መቶ ብር አለኝ። የራሴን ግንብ ለማየት ስድስት መቶ ብር ከፈልኩ።

በሩን የከፈተችው ጫልቱ ናት። አየችኝ፣ ላዳውን አየችው፣ ወደ ውስጥ ዞራ ተጣራች።

«እትዬ! ድርጅቱ መጣ!»

እትዬ ብርቄ አንድም ቀን የት ነው ብዬ ባልጠየቅሁት ግቢያቸው ውስጥ፣ በዚያችው መከዳ ላይ፣ በዚያችው መርፌ የኔን ጆንያ እየሰፉ ነው። ቋጠሮውን አየሁት። ሁለት ጊዜ የተቋጠረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዓይኔ ሥር የነበረን ቋጠሮ ለማወቅ ሦስት ደላላ መሻገር ነበረብኝ።

«ግባ፤ በር ላይ አትገተር» አሉኝ።

«እትዬ… ያን ቀን መንገድ ላይ… 'እጇ ይባረክ' ያሉኝ…»

«እውነቴን ነው። ይባረክ።»

ጫልቱን ያ ሳል እንደገና ያዛት።

«ታዲያ ለምን አላሸተቱትም? የበርበሬውን ጆንያ እኮ ለዱቄት…»

«ማን አላሸተተም አለህ?» መርፌያቸውን አስቀመጡ። «በርበሬ ነው ብዬ ለባለ ላዳው ነገርኩት። እሱ ለቆሼው ሰውዬ ይንገር፣ ቆሼ ለቀራንዮ ይንገር፣ ቀራንዮ ላንተ ይንገርህ። 'አንቺ ስፊ፣ ምን አገባሽ' አለኝ። ልጄ፣ በዚህ መንገድ ጆንያ እንጂ ወሬ አይመለስም። ለይቼ ለብቻ አሰርኩት፤ እነሱ ፈትተው ቀላቀሉት። ከዚያ ወዲያ ማሸተቱን ተውኩት። ስንት እንደሚከፍሉኝ ታውቃለህ?»

«እኔ ስምንት ብር ነው የምከፍል።»

«እኔ ጋ ሦስት ብር ነው የሚደርሰው። ሦስት ብር እጅ ይገዛል፤ አፍንጫ አይገዛም።»

አምስቱ ብር ባጃጅና ላዳ ተሳፍሮ ሲዞር ውሎ የትም አልደረሰም። እኔ ያወጣሁትን አላተረፍኩም፤ እሳቸው የሠሩትን አላገኙም። ቆሼ ላይ ያለው ቦርጫም ሰውዬ ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆሟል። ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ አሁን ገባኝ።

«እድሩስ?» አልኳቸው።

«ሁለቱን ተውኳቸው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «አንዱን ይዣለሁ። ሦስት ቦታ የሚከፈል ከየት ይመጣል?»

እትዬ ብርቄ ሁለት እድር ተዉ! ኮልፌ ውስጥ ይህን የሚሰማ ሰው ደንግጦ ማን ሞተ ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለቅሷቸውን ስቆጥርባቸው የነበርኩ ሰውዬ ያን ጊዜ የምገባበት ጠፋኝ። ደግሜ ላላስብበት ቶሎ ወደ ንግዴ ገባሁ።

«እትዬ፣ ይመለሱ። በድሮው ክፍያ።»

«አልመለስም።»

«ለምን?»

«እዚህ ጥላ አለኝ። እዚህ 'ለቅሶ በዛ' የሚለኝ የለም። አሁን እኔም ድርጅት ነኝ» አሉ። ጫልቱ «መዋቅር ሠርተናል ጋሼ» ብላ ጨመረችበት። «እኔ ዋና ሥራ ላይ ነኝ። ውሮ አይጥ ላይ ናት።»

«እሺ፣ ለአንዱ ጆንያ ስንት?»

«አሥር ብር» አሉ እትዬ ብርቄ። «ሰባት የእጅ፣ ሦስት የአፍንጫ።»

«ሦስት ብር አፍንጫ አይገዛም ብለው የለ አሁን?»

«ያ ከሦስት ሰው የተረፈ ሦስት ብር ነው። ይሄ ለአፍንጫ ተብሎ የመጣ ሦስት ብር ነው።»

ዘጠኝ አልኩ። መርፌያቸውን አነሱ። ዘጠኝ ከሃምሳ አልኩ። ክር አስገቡ። ዓርብ መጣብኝ፣ ሐጂ መጡብኝ፣ ግማሹ መጋዘኔ ዓይኔ እያየ ሲዘጋ ታየኝ።

«አሥር ይሁን» አልኩ።

«እሱስ ይሁን፤ ግን አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ። «የዛኔ ስታሰናብተኝ 'መዋቅር' ነበር ያልከኝ። አሁን ስትጠራኝ ምን ትለኛለህ?»

ጫልቱ ሥራዋን አቁማ አፌን ትጠብቃለች። ባለ ላዳው እንኳ ሳይሄድ በር ላይ ቆሟል። ውሮ ከግንቡ ላይ አንገቷን ሰገግ አድርጋለች።

«እባክዎ» አልኩ።

«ይኸው። አልገደለህም።»

እሮብና ሐሙስ ሁለት መቶ ጆንያ ሰፉ፣ አሸተቱ። ዓርብ ረፋዱ ላይ ሐጂ ሸምሱ ሲመጡ ይዣቸው በጀርባ ዞርኩ። ሐጂ አንዱን ጆንያ መዝዘው ራሳቸው አፍንጫቸውን ከተቱና «ምንም አይሸተኝም» አሉ።

እትዬ ብርቄ ተቀብለው አንዴ ሳቡት። «ስንዴ ነበር። የእርስዎው ስንዴ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የሸጡት ጆንያ ነው ዞሮ የመጣው።»

ሐጂ ገልብጠው ቢያዩት ጥጉ ላይ በቀለም የተጻፈ የድሮ ምልክታቸው አለ። ሳቁ። ሁለት መቶውን አስጫኑ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ሁለት መቶ አዘዙ። የዱቄቱን ግን አንድ ሳንቲም አልቀነሱልኝም።

እሑድ ስንታየሁ ለምሳ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት። ስምንት ብር ወጥቶ ሦስት ብር ብቻ እንደሚደርስ ስነግረው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ምነው?» አልኩት።

መታወቂያውን ገልብጦ አሳየኝ። ከፊት በኩል የባንኩ ምልክት አለ። ጀርባውን ግን እስከ ዛሬ አይቼው አላውቅም ነበር፤ የአንድ ኤጀንሲ ስም ተጽፎበታል።

«አንተም?»

«አምስት ዓመት ሆነኝ» አለ። «ባንኩ ለኤጀንሲው ይከፍላል። ኤጀንሲው ለኔ ይከፍለኛል።»

«ባንኩ ስላንተ ስንት ይከፍላል?»

አሰበ። ሌላውን ሰው ሁሉ በስልኩ ሲደምር የኖረ ልጅ፣ የራሱን አያውቀውም። «ጠይቄ አላውቅም» አለ።

እህቱ ቀዩን ወጥ ጨመረችለት። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁለት እጁ ነፃ ሆኖ በላ። ሰኞ እንደሚጠይቃቸው ነገረኝ። ባይጠይቅም አልፈርድበትም፤ እኔም ገጽ ሦስትን ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው።

አሁን ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው። ቆራሌው ያመጣውን ጆንያ በጀርባው ግንብ ላይ እንወረውራለን፤ ተሰፍቶና ተሽትቶ በዚያው ግንብ ይመለሳል፤ ወሬውም አብሮት ይመለሳል። «ጋሼ! ይሄ ለከሰል!» ትላለች ጫልቱ ከወዲያ ማዶ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ መንገድ አያለሁ። እትዬ ብርቄ ወደ ሦስቱም እድራቸው ተመልሰዋል፤ ለቅሶ ሲኖር ሥራቸውን ጥለው ይሄዳሉ፤ ለቅሷቸውን የሚቆጥር የለም።

ሂሳቡ ይኸው። የሐጂ ዱቄት አርባ ስምንት ሺህ። የደረጀ ውል ማፍረሻ አሥራ ሁለት ሺህ። አይጥ የቀደደው አንድ ሺህ አራት መቶ። ባጃጅ ስድስት መቶ። ድምር ስልሳ ሁለት ሺህ ብር። ድሮ አንዱ ጆንያ በዘጠኝ ብር ከሃምሳ ይሰፋልኝ ነበር። አሁን በአሥር ብር ይሰፋልኛል። ድመቷ የእትዬ ብርቄ ናት።